ጀንክ የተባለው ማሽን

የባሏ ወንድም ያቺን የፈረንጅ ቃል ካመጣባት አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። በሰርጓ ሰሞን እናቷ የሰጠቻትን ቴፕ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጀንክ!» አለ፤ ውዳቂ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ካውያዋ ጀንክ፣ ምድጃዋ ጀንክ። አንድ ቀንማ ሰው ፊት እሷንም ጨመራት። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው።

ዛሬ ጠዋት የባሏ የኦክስጅን ማሽን ሁለቴ አንኮራፍቶ ጸጥ አለ። የቀራቸው አንድ ሲሊንደር ነው፤ እሱም እስከ ስምንት ሰዓት ቢያደርስ ነው። ሐኪም ቤቱ ደግሞ «ተራ ጠብቁ» ብሏል። ልጇን ባሏ አጠገብ አስቀምጣ፣ ማሽኑን በአንሶላ አዝላ ዋርሳዋ፣ የዚያው የባሏ ወንድም ጥገና ቤት ገባች።

ከወንበሩ አልተነሳም። ማሽኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ጀንክ ነው» አለ።

«ክፈተውና እየው!»

«ምን ያስከፍተኛል? ጣይው።»

«ወንድምህ እኮ ነው የሚተነፍስበት!»

ራዲዮ ሊያሠሩ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። በዚች ቃል የእንግሊዝ መርከበኞች ድሮ አሮጌ ገመድ ይጠሩባት ነበር አሉ፤ መጎተት ያቃተው ገመድ። ግን አይጥሉትም። ቆራርጠው፣ ክሩን ተርትረው፣ ቅጥራን ውስጥ ነክረው በሳንቃው ስንጥቅ ይወትፉታል። መርከቧ ውኃ እንዳታስገባ ነዋ! ለእርባና ቢስ ዕቃ ሁሉ ስድብ የሆነችው ኋላ ነው።»

«አባባ፣ ተረቱን ይተዉት» አለ ዋርሳዋ።

«አይተዉትም! የቃሉ ባለቤቶች እንኳ ያልጣሉትን የምትጥል አንተ ማን ነህ?» አለች እሷ።

እሱ አቀረቀረ። ድምፁም ወረደ። «ከፍቼው ባይነሳስ? ወንድሜ በኔ እጅ ይሙት?»

ያኔ ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት የናቃት መስሏት ስትበግን፣ ለካ ጀንክ የሚለው ነክቼ አበላሻለሁ ብሎ የፈራውን ነው። አላዘነችለትም፤ ለማዘን ጊዜ የት አላት? ሄዳ የብረት በሩን ጎትታ ዘጋች፤ ከውስጥ ቆልፋም ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠች።

«ሳትነካው ከሚሞት ነክተኸው ይሙት!»

«ልጄ፣ እኔንም እኮ ቆለፍሽብኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ይታገሡኝ፣ አባቴ።»

ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው አነሳች። የዋርሳዋን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ አስጨበጠችው።