የነብሩ ዱካ በፍልፍል

ባሌ ፍስሃየ ዱር ካየ ሚስት እንዳለችው የሚረሳ ሰው ነው። የዱር እንስሳት ቆጣሪ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ታጋይ ሳለ በሜዳ በጥይት የተመታው ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ እንዲያም ሆኖ ጫካ ሲገባ ከእኔ ይፈጥናል።

ነጻነት ከታወጀ በኋላ በመጀመሪያው ጥር፣ አስመራ፣ ጸጸራት ካለው ቤታችን ጎትቶ ፍልፍል ጫካ አወረደኝ። አስመራ ላይ ሣሩ ደርቆ አቧራው ዓይን ሲያጠፋ፣ እዚያ ቁልቁል ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። ወይራው አረንጓዴ የዛፍ ሽበት አውጥቷል። ዝንጀሮዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው ቅጠል ይቀነጥባሉ።

«በሓጋይ፣ በበጋው ብትመጪ ይሄን ሁሉ ኣታዪም ነበር» አለኝ።

ማኪናዋን ከአውራ ጎዳናው ዳር አቁመን በቀጭን የእግር መንገድ ወረድን። ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት ቀይ በተቀቡ ድንጋዮች ታጥሯል፤ ከጦርነቱ የቀረ ፈንጂ አለበት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከእግሬ አላነሳሁም።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። አንድ ሾላ ሥር ተጠለልን። ሲያባራ ጉም መጣ፤ ጉሙ ሳሳ ሲል ወደ መንገዱ አየሁ። ተዳፋቱ ተንዶ የመጣንበትን መንገድ ጭቃ አልብሶታል። ቀዮቹ ድንጋዮች ሳይቀሩ ተንከባለው እግራችን ሥር ወድቀዋል። ድንጋዮቹ ከወረዱ ፈንጂውስ? ፍስሃየ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በዓይኑ ይለቅማል።

ከኋላችን መጋዝ እንጨት ሲገዘግዝ የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

«ነብር ነው። ኣጆኺ፣ ኣትንቀሳቀሺ» ብሎ በሹክሹክታ አይዞሽ አለኝ።

ከጉሙ ወጥቶ በአጠገባችን አለፈ። አንዴ አየኝ። ሽንቴ አመለጠኝ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ! ከዚያ በአዲሱ ጭቃ ላይ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ፤ ምንም አልፈነዳም።

«ዱካውን እየረገጥን እንሂድ» አለ ፍስሃየ።

የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። እኔ ጉደኛዋ ነብር ልከተል! ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ጉልበቱ ከዱካው እንዳያስተው ብዬ እኔ ቀደምኩ። እያንዳንዱን ዱካ ስረግጥ ነፍሴ አብራ ትወጣና ትመለሳለች።

ጭቃው ሊያልቅ ሲል ዱካው ተቋረጠ። ከፊቴ የዛገ የቆርቆሮ ጠርዝ ከጭቃው ብቅ ብሏል፤ ፈንጂ ነው። ነብሩ ዘሎታል፤ ከማዶ፣ ናዳ ባልነካው መሬት ላይ አርፏል። ሳላስብ ዘለልኩ። ዞር ስል ፍስሃየ ቆሟል።

«ዝለል እንጂ!»

«ጉልበቴ ኣይችልም፣ ብርቅነሽ። ሂጂ፣ ሰው ጥሪ።»

እውነቱን ነው፤ መሄድ ነበረብኝ። ግን ጉሙ ተመልሶ ፊቱን ዋጠው። ከእሱ ኋላ፣ ከሾላው በኩል፣ የሌላ ነብር መጋዝ መገዝገዝ ጀመረ።

«ሂጂ ኣልኩሽ!» አለኝ። ፍስሃየ ሲፈራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ድምፁን ተከትዬ ወደ እሱ፣ ወደ ጉሙ ተመልሼ ዘለልኩ። ያረፍኩት ዱካው ላይ ይሁን ጭቃው ላይ እስካሁን አላውቅም። «ዕብድቲ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ በሁለት እጁ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። መጋዙ ጩኸቱን ሰምቶ ይሁን፣ ከሾላው ማዶ እየራቀ ሄደ። ከላይ ማኪና እስኪያልፍና ድረሱልን ብለን እስክንጮህ ድረስ እንዲያ እንደተቃቀፍን፣ እግራችንን ሳናነሳ ቆምን።