ሦስት ሦስት ምት

የማዕበሉ መታሰቢያ በመጣ ቁጥር፣ በኡፖሉ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ያለው የመንደሩ ሰው ሲኒቫን ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። «ደወሉን ደውላ ያተረፈችን» ይሏታል። እሷ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሆና የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቷ ሉሲያ ያን ደወል ሰምታው ነበር ወይ?

በዚያ ጠዋት፣ የመሬቱ መንቀጥቀጥ ጋብ እንዳለ፣ ሲኒቫ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆና ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየች። ብረት አንስታ ለደወልነት ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር መምታት ጀመረች። የአደጋ ደወል ሳያቋርጡ የሚደበደብ ነው። ምን ያደርጋል፣ እጇ አሥራ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ሦስት መታ፣ ዝም፣ ደግሞ ሦስት። ይህ የጸሎት ደወል ነው። እሱ ሲደወል መንገደኛ ባለበት ይቆማል፣ ቤት ያለ ሰው ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስህተቷ ሲገባት እንደ እብድ ደበደበችው። ከዚያ ብረቱን ጥላ ከሰው ጋር ወደ ኮረብታው ሮጠች። እናቴ ቀድማኝ ወጥታለች ብላ ነበር።

አልወጣችም፤ ማዕበሉ ወሰዳት። ጎረቤታቸው ላፋኤሌ ያኔ፣ «ተኝታ ነበር፣ ምንም አልሰማችም» አላት። ሲኒቫ እስከ ዛሬ በዚህች ቃል ኖረች፤ ሙሉ በሙሉ አምናት ግን አታውቅም።

ዘንድሮ ላፋኤሌ ታሞ ተኛ። ሾርባ ሠርታ ሄደች።

«ጨው የለውም» አለ ቀምሶ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ከልክሎዎታል እኮ።»

«እንግዲያው ሐኪሙ ይምጣና ይብላው።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሲኒቫ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እናትሽ አልተኛችም ነበር። ቤታችሁ እንደ ሁላችንም ግድግዳ የለው፣ በምሰሶዎቹ መሃል ቁጭ ብላ አየኋት። ‹ሉሲያ፣ ተነሺ፣ ባሕሩ እየመጣ ነው› ብላት፣ ‹የጸሎት ደወል ተደውሎ ምን ያስሮጥሃል?› ብላ ተቆጣችኝ።»

«ሰምታዋለች» አለች ሲኒቫ።

«ሰምታዋለች፣ ልጄ።»

«ሌላስ ምን አለች? ይንገሩኝ፣ አይደብቁኝ።»

ላፋኤሌ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። «‹የደወለችው ልጄ ናት፣ አሁን ትመጣለች፤ እሷ ሳትመጣ ጸሎት አልጀምርም› አለች። አጠገቧ ምንጣፉን በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ቦታ አበጀችልሽ። እኔ ጥያት ሮጥኩ።»

ሽማግሌው አለቀሰ። ሲኒቫ እጁን ያዘችለት። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር። እሷ የሮጠችው ወደ ኮረብታው ነው።