የዓርብ ሽሮ

«ትነሣልኝ ብያለሁ! ያቺ ሴት ከፍራሹ ላይ ትነሣልኝ!» አለች ሰብለወርቅ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለች አዳነች፣ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ወደ ሳሎኑ እያየች። «ለቅሶ የመጣ ሰው ተነሽ ይባላል እንዴ? በማን አገር ነው?»

«ለቅሶ የመጣ ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ፍራሹ የማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«አግዳሚው ሞልቶባት ይሆናል።»

«ድንኳኑ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ባዶውን ተዘርግቷል።»

«እንግዲያው የዚህ አገር ሰው ናት፤ ወጉን አታውቅም።»

«የወሎ ልጅ ናት፣ እትዬ አዳነች! ስትገባ እንዴት አድርጋ እንዳለቀሰች አልሰማሽም? ወጉን ከእኔም ካንቺም አብልጣ ታውቀዋለች።»

አዳነች መጋረጃውን ለቀቀችው። የሟቹ የሽመክት ታላቅ እህት ናት፤ ከድሬዳዋ በባቡር የደረሰችው ዛሬ፣ ቀብሩ ባለፈ በማግስቱ ነው። «እኔ ደግሞ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እህትሽ መስላኝ አጠገቧ ሆኜ ተቃቅፈን ስናለቅስ ነበር።»

ሰብለወርቅ ባሏን በቀበረች በማግስቱ ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ግን ከአፏ ሳይወጣ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሽመክት የአሠሪውን የሙሰዲቅን ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ነበር። ከወደቡ አፍ ላይ ወደሚታዩት ደሴቶች፣ ወደ ሙሻና ወደ መስካሊ፣ ዋና የሚወዱ ፈረንጆችንና የከተማውን ባለጸጎች ያመላልሳል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሞተር ሲፈታ መፍቻውን እንደያዘ ተደፋ፤ ሰዎች ደግፈው ሲያነሡት በሕይወት አልነበረም። እሑድ ተቀበረ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታቸው ደጅ ላይ እድሩ ድንኳን ተከለ።

ሰብለወርቅ ደሴቱን አይታው አታውቅም። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሠርግ በጀልባ ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ታጁራ ሲሻገሩ አንጀቷ እስኪወጣ አስታውኳት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሰደኝ ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «ምን አለ ብለሽ ነው? ድንጋይና ፀሐይ ነው። ደግሞ ባሕር ያምሻል።» አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚሁ መልስ ኖረች። እሱ እንደሆነ ቃል ቆጥቦ የሚኖር ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ እንዴት ዋልክ ስትለው «ደኅና» ይላል፤ ያችን ካላት በኋላ እስከ ራት ሌላ የለም።

ወደ ሳሎን ስትመለስ ልጅቷ ፍራሹ ላይ፣ በር አጠገብ፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ነበር። ሠላሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች። ሰብለወርቅን ስታይ ብድግ አለች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ ሰብለ። ኑሪያ እባላለሁ። ፈረንሳዮች ቤት ነው የምሠራው። ዓርብ ዓርብ ጋሽ ሽመክት ደሴት ሲወስዳቸው ልጆቹን ለመጠበቅ አብሬ እሄድ ነበር።»

«ስሜን ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ።»

ልጅቷ ማዳሟ የሰጠቻት ሁለት ሰዓት አልቆባት ሄደች፤ የተቀመጠችበት የፍራሹ ጠርዝ ግን እንደተጎደጎደ ቀረ፤ ሰብለወርቅም ማንም ሳያያት በመዳፏ ደለደለችው።

ማክሰኞ ሠልስቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ስለ ሽመክት ደግነት ያወራል፤ የእድሩ ሴቶች ደግሞ ስለ ጾሙ ያነሣሉ። ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰብለወርቅ ከድሬዳዋ በሚመጣላት ሽሮና በርበሬ ነው የምትተዳደረው፤ ለዓርብ ምሳው ዘወትር ያንኑ ሽሮዋን በኮረሪማ አሽታ፣ ሁለት ደርብ ባለው የምሳ ዕቃ ትሞላለታለች። «የባሕር አየር ያስርባል፣ በርከት አድርጊው» ይላታል። ዓርብ የጾም ቀን ነውና ሽሮ መሆኑ አያስገርምም። ግን ፋሲካ አልፎ፣ ዓርብና ረቡዕም ሥጋ በሚበላበት በበዓለ ሃምሳ፣ ዶሮ ሠርታ ብትሞላለት ሽመክት የምሳ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ መለሰላት። «የዓርቡን ሽሮ አድርጊልኝ።» በየዓመቱ እንደዚያው ነበር። አባ ኃይለማርያም ሲሰሙ «ይኼ ጾም አይደለም ልጄ፣ እልህ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ አይጾምም በይው» አሏት። ነገረችው። «እግዜር ሽሮ በላህ ብሎ አይቆጣኝም» አለና ሳቀ። እሷ ግን በልቧ ኮራች። የማንም ሴት ባል እንዲህ አይደለም ብላ ለጎረቤት አወራች።

«በበዓለ ሃምሳ እንኳ!» አለች አሁንም አንዷ፣ ራሷን እየነቀነቀች። «ገዳም የነበረ ሰው ነው የሚመስለው!»

ኑሪያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ዛሬ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ብሏት ይሆናል። አዳነች ለሁሉም እንደምታደርገው እንጀራና ቀይ ወጥ በሳህን አድርጋ አቀረበችላት።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ሥጋውን ተዉልኝ። ሽሮ ካለ ይበቃኛል።»

«ውይ በሞትኩት፣ ሙስሊም ነሽ ለካ! የክርስቲያን ሥጋ ላበላሽ!» አዳነች ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሰብለወርቅ ፍራሹ ላይ ሆና ይህን ሰማች። መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ሽሮው መጣ፤ ጎረቤት የሠራችው ሽሮ ነው። ኑሪያ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና አጠገቧ ላለችው ሴት ቀስ ብላ «ይኼ የእትዬ ሰብለ አይደለም» አለች።

ያን ጊዜ ገባት። ሽመክት ዶሮውን የመለሰው ለእግዚአብሔር ብሎ አልነበረም።

ተነሥታ ኑሪያን በዓይኗ ጠራቻትና ከጓሮ፣ ከውኃው በርሜል ጀርባ አስከተለቻት። በርሜሉን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ስንት ዓመት በላሽ?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ሽሮዬን!»

ኑሪያ ወደ መሬት አየች። «ስድስት።»

«ስድስት ዓመት በእጄ አበሰልኩልሽ። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ብለሽ ልከሽብኝ ነበር?»

«ኧረ በአላህ! እኔ እኮ… መጀመሪያ የሄድን ዕለት ከጀልባው አልወርድም ብዬ ነው። እኛ ለየመን ነበር የመጣነው፤ እኔና እህቴ ሳብሪን። ኦቦክ ወደብ፣ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ፣ ቦታ ጠበበ ተባለ፤ እሷ ተሻገረች፤ እኔ ቀረሁ። ድምጿን ከሰማሁ ስምንት ዓመቴ። እና ማዳም መጀመሪያ ደሴት ስትወስደኝ ባሕሩን ሳየው እግሬ ተሳሰረ። ጋሽ ሽመክት ነው ያወረደኝ። የፈረሰ ግንብ አለ፣ የድሮ። ጀርባው ጥላ ነው፤ የየመኑን በኩል ይከልላል። ድንጋይ አንከባሎ አምጥቶ ‹ፊትሽን ወደ ግንቡ አድርገሽ ተቀመጪ፣ እንዳታይው› አለኝ። ከዚያ ምሳውን ከፈተ።»

«እና በየሳምንቱ ታወራላችሁ።»

«እሱ ነው የሚያወራው። እኔ እሰማለሁ።»

«ሽመክት? የሚያወራው ሽመክት ነው?»

«እንግሊዞች ያን ደሴት ጥንት በአሥር ጆንያ ሩዝ ገዙት እያለ በየጊዜው ይስቃል፤ እንግዶቹንም ያስቃቸዋል። ደግሞ ስለ እርስዎ ያወራል።»

«ስለ እኔ ምን?»

«በፊት የባቡር ጣቢያው በር ላይ ሽሮ ይሸጡ እንደነበር። ለእሱ ከመዘኑለት በኋላ አንድ ጭብጥ ይጨምሩለት ነበር አሉ። ‹ይህን ለሁሉ ሰው ታደርጋለች ወይስ ለእኔ ብቻ ብዬ፣ ወር ሙሉ ከማዶ ቆሜ ስትመዝን አየኋት› ይላል።»

ሰብለወርቅ ይህን ሰምታው አታውቅም። ወር ሙሉ። ከማዶ ቆሞ። ለእሱ ብቻ ነበር የምትጨምረው፤ አንድ ቀን ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። እሱ ግን ስለ እሷ ያለውን ሁሉ ወስዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ለሌላ ሴት ጆሮ አራገፈው። ከአልጋ ብትይዛቸው ይህን ያህል አያቃጥላትም ነበር።

«ትወጂው ነበር?»

«ዓርብን እወደው ነበር፣ እትዬ።»

«ሂጂ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትምጪ።»

ሐሙስ ዕለት ሙሰዲቅ መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባና ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ጅቡቲ ተወልዶ አማርኛን ከወደቡ የለመደ ሶማሌ ነው።

«ሰብለ፣ ወላሂ አፍሬ ነው የመጣሁ። ነገ ጀልባው ይወጣል። ፈረንሳዮቹ ከወር በፊት የያዙት ነው፤ ሌላ ነጂ አገኘሁ። ቅር አይበልሽ።»

«ቦታ አለ?»

«የት?»

«ጀልባው ላይ።»

ሙሰዲቅ አያት፣ ከዚያ አዳነችን አያት፤ አዳነች በወሬ ተይዛ ነበር። «ለአንቺ ቦታ ይጠፋል?» አለ ቀስ ብሎ።

ሐዘንተኛ ሰባቱ ሳይወጣ እሳት አይነካም። ሰብለወርቅ ግን ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ የእድሩ ሴቶች ሳይመጡ፣ ምድጃውን ለኩሳ ሽሮዋን ሠራች። ኮረሪማውን በዛ አደረገች። የምሳ ዕቃውን ሁለቱንም ደርብ በሽሮና በእንጀራ ሞልታ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች።

ጀልባው ላይ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፈረንጆቹ በፈገግታ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ ማን እንደሆነች አላወቁም። ኑሪያ ትንሹን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ካየቻት ጀምሮ ቀና አላለችም። ከወደቡ ሲርቁ ሰብለወርቅን አስታወካት፤ ሁለት ጊዜ። አፏን በባሕር ውኃ ተጉመጠመጠች፣ የምሳ ዕቃውን ግን ከእጇ አላወረደችም።

ደሴቱ ድንጋይና ፀሐይ ነበር። በዚህስ አልዋሸም። ፈረንጆቹ ወደ ውኃው ሮጡ፤ ሰብለወርቅ በሞቀው አሸዋ ላይ ኑሪያን እየተከተለች ሄደች። ግንቡ ከሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም፤ ጎኑ ተንዶ ድንጋዩ እንደ ቆሎ ተበትኗል። ጥላው ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«የቱ ነው የሱ?»

ኑሪያ ግንቡን የተጠጋውን አሳየቻት።

ሰብለወርቅ ሄዳ በኑሪያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና አየች። ፊት ለፊት የሽመክት ድንጋይ አለ፤ ከኋላው ግንብ ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ስድስት ዓመት ይህች ልጅ በየዓርቡ ያየችው እሱን ብቻ ነው። ሰብለወርቅ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንዲህ ፊት ለፊት አየችው? ተነሣችና ወደ እሱ ድንጋይ ተዛወረች።

«ተቀመጪ» አለች።

ኑሪያ በቦታዋ ተቀመጠች። ከሻርፗ በላይ፣ ከውኃው ማዶ፣ ከተማው ይታያል፤ የወደቡ ክሬኖች እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥነው፣ ከእነሱ በስተግራ ጭጋግ የመሰለው ነገር ሰፈሩ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ድንጋይ ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ልጅቷን ይይ፣ ከኋላዋ ያለውን ቤቱን ይይ፣ ማን ያውቃል? ሰብለወርቅ ዓይኗን አንዴ ከፊቷ፣ አንዴ ከማዶው እያደረገች ሞከረችው። አልለይ አላት።

የምሳ ዕቃውን ከፈተች። የላይኛውን ደርብ ለኑሪያ አቀበለቻት። ሳይነጋገሩ በሉ። ኑሪያ ስትጎርስ እንባዋ ወደ አገጯ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። ጨርሳ ደርቡን መለሰች።

«ልክ ነው?» አለች ሰብለወርቅ።

«ኮረሪማው በዝቷል።»

«አዎ። በዝቷል።»

ፀሐይ ስታዘነብል ማዳሟ ተጣራች። ኑሪያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ልጆቹ ወረደች። ሰብለወርቅ ብቻዋን ቀረች። የራሷን ደርብ እስከ ግማሽ ነበር የበላችው። ቀሪውን ሽሮ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበችና፣ ሽመክት ባመሸ ቁጥር እንደምታደርገው፣ እንዳይደርቅበት አንዲት እንጀራ አለበሰችው። ክዳኑን ገጠመች። ሁለቱን ደርብ ደራርባ ከድንጋዩ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ጎን፣ አደላድላ አኖረችው።

ባዶ እጇን ወርዳ ጀልባው ላይ ወጣች። አዲሱ ነጂ ሞተሩን አስነሣ፤ ልጆቹ በፎጣ ተጠቅልለው ይንጫጩ ነበር፤ ጀልባው ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ።