የበያጁ ቤት በር

እማማ ትምህርት ቤት የገቡት ሊማሩ አልነበረም፤ ሊጠብቁ ነበር። በያጁ ልጃቸው ሚስቱ ፊደል እንድትቆጥር የፈቀደው እናቱ አብረዋት እስከሄዱ ድረስ ነው። «አንድ ነገር ካየሽ ንገሪኝ» ብሏቸዋል፣ «ያን ቀን ትምህርቱ አበቃ።» ምራታቸው ደግሞ ትምህርቱን እንደ ነፍሷ ነው የያዘችው፤ ማንበብ የቻለች ሴት በነፃ ልብስ ስፌት ትሰለጥናለች፣ ስፌት የቻለች የማንንም እጅ አታይም።

እማማ የኋላ ወንበር ላይ ተኮፍሰው ሲጠብቁ ከረሙ። ምራታቸውን ከ«አንቺ» በቀር በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። ጥበቃው ሲሰለቻቸው ግን ዓይናቸው ወደ ሰሌዳው ይሄድ ጀመር። በዚያ ዕድሜያቸው አንዳንድ ፊደል እየለዩ ሲመጡ፣ ደስታቸውን ሰው እንዳያይባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ምራቲቱ ግራ ዓይኗ አብጦ መጣች። አብረዋት የሚማሩት ሴቶች ዞር ዞር እያሉ ሲያዩዋት፣ እማማ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

«በር መታት» አሉ።

የሠፈሩ የብረት በር ሁሉ ከልጃቸው እጅ የወጣ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታቸው አፏን አሹላ ተቀበለቻቸው።

«እማማ፣ የእናንተ በር ደግሞ ምን ዓይነት ተደባዳቢ ነው! ባለፈው ክንዷን፣ ዛሬ ዓይኗን። ለኔ የሠራልኝ እኮ አርፎ ነው የተቀመጠው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እማማም ሳቁ፤ ምን ያድርጉ።

ወጣቷ አስተማሪ አልሳቀችም። «እንግዲያው ሁላችሁም ‹በር› በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩልኝ» አለች። አንዷ «በር ዝጊ» ብላ ጻፈች፤ ፀጉር ሠሪዋ «በሬ ቀይ ነው» ብላ ጽፋ፣ ከብቱ ነው ወይስ መዝጊያው ተብላ ተሳቀባት። ምራቲቱ ግን ጠመኔውን ይዛ ብዙ ቆየች። ጽፋ ስትጨርስ ከሰሌዳው አጠገብ እንደቆመች ቀረች።

«ማን ያነባል?» አለች አስተማሪዋ። ሁሉም አቀረቀሩ። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩ።»

እማማ ተነሡ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። «በ… ር። አ… ይ… ማ… ታ… ም።» ሁሉንም ያውቋቸዋል! አንድም አልሳቱም! በደስታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«በር አይማታም!» አሉ።

ምን እንዳነበቡ የገባቸው ጮክ ብለው ካሉት በኋላ ነው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት ነገር ይህ ሆነ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ፀጉር ሠሪዋ እንኳ ጥፍሯን ታይ ነበር። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። እማማ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ፤ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አሉ በልባቸው። ምራታቸው አላፈጠጠችባቸውም። ጠመኔውን እንደጨበጠች ነበር፤ ይህን እማማ ለልጃቸው ከነገሩት ነገ እንደማትመጣ ታውቃለች።

ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ቤት ሄዱ። በያጁ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለአንድ ደንበኛ የመስኮት ፍሬም እየለካ ነበር። ደንበኛው ምራቲቱን ሲያይ ደነገጠ።

«ምነው እህቴ፣ ዓይንሽን ምን ነካሽ?»

«በር ነው» አለ በያጁ ፈጠን ብሎ። «አታይም፣ ትቸኩላለች።» ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «ዛሬስ እንዴት ዋለች?»

እማማ የምራታቸውን እጅ ያዙ፤ ጠመኔው ገና ከእጇ አልወጣም።

«ስትማር ዋለች፤ ነገም ትማራለች» አሉ። ቀጥለውም ለደንበኛው፣ «በር አይማታም፣ ወንድሜ። ልጄን የመታት ልጄ ነው።»

ከኀፍረታቸው ብዛት ግን ቀና ብለው ልጃቸውን ሊያዩት አልቻሉም።