የጎደለው አሥር ሳንቲሜትር

ጥፊው ሲጮህ ባለ ፋርማሲዋ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። አናጺው ራሱም ክው አለ። የተመታው ታናሽ ወንድሙ ግን ጉንጩን እንኳ አልነካም። የሁለት ልጆች አባት፣ ያውም በደንበኛ ፊት!

«እኔ በትክክል ነው የለካሁት፣ ወንድምጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ደፉ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ነገሩ የመጣው የፋርማሲው አዲስ በር አጥሮ ነው። «በሥሩ ድመት ከነልጆቿ ታልፋለች! ሃያ ዓመት ሠራሁ አላልክም?» ስትለው ባለ ፋርማሲዋ፣ መድኃኒት ሊገዛ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሷን ምን ይበላት? ዋጥ አደረገው። የዋጠው ንዴት ግን መልሶ የማይመታውን ሰው ፈልጎ አገኘ።

«ማን እንዳጠፋ አሳየዋለሁ!» እያለ ወደ ሥራ ቤቱ ገብቶ ልኬቱ የተጻፈበትን ቁራጭ ጣውላ አነሳ። የሜትራቸው ጫፍ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ከአሥር ጀምረው ይለኩና ኋላ አሥር ይቀንሳሉ። አዲስ እንግዛ ሲባል «ይሄ ምን ሆነ?» ባዩ እሱ ነው። ጣውላው ላይ በወንድሙ እጅ «205» ተጽፏል። አጠገቡ «አሥሩ ተቀንሷል» ይላል፣ ሁለቴ ተሰምሮበት። እሱ ሳያነብ ደግሞ አሥር ቀንሶ በሩን ቆርጦታል።

ፊቱ በሐፍረት ጋለ። አባታቸውም እንዲህ ነበር፤ ውጭ አንገቱን ደፍቶ ይውልና ቤት ሲገባ እጁ ይፈታል። ያኔ አልጋ ሥር ተደብቀው የታናሹን ጆሮ በመዳፉ እየደፈነ፣ «እኔ ሳድግ ማንንም አልመታም» ይለው ነበር። ዛሬ ያንኑ ጆሮ ነው ያጮለው።

የብርጭቆ ወረቀቱ እጁ ሥር ነበር። ሁለት ጊዜ ፈግፈግ ቢያደርገው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ማን ያውቃል? ወረቀቱን አነሳው። ከዚያ በራሱ አፍሮ ወረወረውና ስልኩን አወጣ።

«የት ነህ?»

«ቤት። ምነው፣ የቀረ ጥፊ አለ?»

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። በስልክ ቀላል ነው፤ ሌላ የሚሰማ የለም።

«ፋርማሲው ጋ ና። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ፊት ነው የመታሁህ፣ እሷ ፊት ልናገረው።»

«እኔ እንጃ» አለ ወንድሙ። «ላልመጣ እችላለሁ።»

«ባትመጣም እነግራታለሁ።»

ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጎ ጣውላውን ብብቱ ሥር ያዘና ወጣ።