ሁለት ሙክት የበላው ላፕቶፕ

ባምላኩን የሚያንገበግበው ነገር ከመንገዱ ማዶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአስፋልቱ ወዲህ የእሱ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለ፤ ከአስፋልቱ ወዲያ የወንዳወቅ። ሁለቱም ሰርግና ክርስትና ይቀርጻሉ፣ ሁለቱም የተማሪ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ። ልዩነቱ፣ ደንበኛው ሁሉ ወዲያ ማዶ መሻገሩ ነው። ባምላኩ በሩ ላይ ቆሞ የሚሻገረውን ይቆጥራል። የገዛ አክስቱ እንኳ ሳትቀር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ስትሻገር አይቷታል።

ነገሩ የባሰው በጥር ነው። ወንዳወቅ የቅዳሜውን ሰርግ እሑድ መልስ ላይ በትልቅ ስክሪን አሳየ። ሙሽሮቹ የትናንቱን ራሳቸውን እያዩ አለቀሱ አሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማው የሚያገባ ሁሉ «ለመልስ ይደርሳል?» ሳይል ቀብድ አይሰጥም። የባምላኩ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ሰርግ አቀናብሮ እስኪያወጣ ሙሽራዋ ታረግዛለች። ይህን ያለችው የገዛ ሚስቱ ተናኜ ናት።

ሰዎች ወንዳወቅን ሲያደንቁት፣ «እኔ ምን ሠራሁ፣ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ነው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ አስፋልቱን ተሻግሮ ባምላኩ ጆሮ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

የካቲት ላይ ደግሞ የእህል ነጋዴዋ የእትዬ በለጠች ሴት ልጅ ሰርግ መጣ። ሙሽራው ሀይሉ የወንዳወቅ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ወንዳወቅም ሚዜ ሆነ። ሚዜ ሆኖ ካሜራ መሸከም አይቻልምና፣ «ባምላኩ ይቅረጸው፣ ጎበዝ ነው» ብሎ ሥራውን ላከለት። ባምላኩ ይህን ሲሰማ ከመደሰት ይልቅ አንጀቱ አረረ። ሥራ እንኳ በሱ በኩል ይምጣልኝ? ቢሆንም እንቢ አላለም። ይህን ሰርግ ለመልስ ካደረሰ ከተማው ይመለስለታል፤ ካላደረሰ ግን የሚቀረው ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ማስረከብ ነው።

ላፕቶፕ ሊገዛ ቡሬ ወረደ። እጅጉ የሚባለው ሻጭ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ከፈተለት፤ አንዱ አይ ፋይቭ፣ አንዱ ፈጣኑና ውዱ አይ ሰቨን። የዋጋቸው ልዩነት ተናኜ ለፋሲካ የምታደልባቸውን ሁለት ሙክቶች ያህላል።

«የድሮው ምኑ ላይ ነው ያስቸገረህ?» አለው እጅጉ።

«ወንዳወቅ ይቀድመኛል።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ላፕቶፑ ነው።»

«እኔም የምነግርህ ስለ ላፕቶፑ ነው።»

እጅጉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳው። አይ ፋይቯ አንድ ሰርግ ባንድ ሌሊት ታደርሳለች። ያኛው የሚቀድማት ወጣ ብለህ ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ ያህል ቢሆን ነው። «ላንተ ሥራ ይቺው ትበቃሃለች፤ የተረፈህን ሌላ ነገር ሥራበት» አለው። ምክሩ ጥሩ ነበር። ባምላኩም ጥሩ መሆኑን አውቆ እጁን ርካሿ ላይ አሳርፎ ነበር።

«ለመሆኑ ወንዳወቅ የቱን ወሰደ?»

«እቺን መሳይ ናት የወሰደው። አይ ፋይቭ።»

እጁ ፍም እንደነካ ሰው ተነሳ። «ያኛውን ጠቅልልልኝ።»

እንግዲህ ቅናት እንዲህ ነው። ሰው ከጎረቤቱ እኩል ለመሆን ሲገዛ ዋጋ ይከራከራል፤ ሊበልጠው ሲገዛ ግን መከራከርም ይረሳል። የጎደለውን ለመሙላት ሙክቶቹ በማግስቱ ተሸጡ። ተናኜ ገመዳቸውን ይዛ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ላፕቶፕ ሙክት ሲበላ ገና ባንተ አየሁ» አለችው።

የሰርጉ ዕለት ወንዳወቅ በጥቁር ሱፍ ዘንጦ ከሙሽራው ጎን ቆመ። ባምላኩ ካሜራውን ሲያነሳ፣ ይሄ ሰው እያየኝ ይሆን እያለ ነበር። ወንዳወቅ ፈገግ ካለ፣ በእኔ ነው የሚስቀው። ለሀይሉ በጆሮው ከነገረው፣ እኔን ነው የሚያማኝ። እስክስታ ሲወርድም፣ የሚወርደው እኔን ለማብሸቅ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የባምላኩ ልብ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ላይ ውሎ ዓይኑም ካሜራውም ተከትለውት ዋሉ።

ማታ አዲሱ ላፕቶፕ በረረ። ባምላኩ የቀረጸውን እየቆረጠ ሲቀጥል አንድም የደበዘዘ ምስል አልታየውም፤ ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ላፕቶፑ ሥራውን ጨርሶ ሲያወጣው ባምላኩ ሻዩን እንኳ አላጋመሰም። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማየት ጊዜ ነበረው። እሱ ግን በመስኮት የማዶውን የተዘጋ በር አየና፣ «ቀደምኩት!» ብሎ ተኛ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከጥር ወዲህ ተኝቶ አያውቅም።

በማግስቱ መልሱ እትዬ በለጠች ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ ሆነ። ስክሪኑ ፊት ለፊት የሙሽራዋ አያት እማማ ንግሥቴ ተቀምጠዋል። አሟቸው ከሰርጉ ቀርተው በዚያው ጠዋት ከፈረስ ቤት የመጡ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የልጅ ልጃቸውን ባል ገና በቅጡ አላዩትም። ባምላኩ ደረቱን ነፍቶ ቪዲዮውን ከፈተ።

ወንዳወቅ ከመኪና ወረደ። ወንዳወቅ ሳቀ። ወንዳወቅ ከረባቱን አስተካከለ፤ ከጎኑ የአንድ ሰው ትከሻ ይታያል። ሙሽራዋ መጣች፤ ወንዳወቅ አበባውን ተቀብሎ አቀበላት።

እማማ ንግሥቴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እሰይ! እሰይ የኔ ዓለም! ይሄን ነው ያገባሽው? ቁመናውን እዩት! ጥርሱን እዩት! ውለዱ፣ ክበዱ!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሙሽራዋና ሀይሉ ነበሩ። ሀይሉ አንገቱን ደፍቶ የካባውን ጠርዝ ይዳብሳል።

«ባምላኩ ልጄ» አሉ እትዬ በለጠች ቀስ ብለው፣ «የኛ ሙሽራ የታለ?»

ባምላኩ ቪዲዮውን ወደፊት አሳለፈው። ላፕቶፑ አንድ አፍታ ሳይዘገይ ታዘዘው፤ ወንዳወቅ። ወደኋላ መለሰው፤ ወንዳወቅ። እስክስታው ጋ ሄደ፤ አሁንም ወንዳወቅ፣ ሀይሉ በግማሽ ተቆርጦ። ባምላኩ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ወንዳወቅ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተነስቶ መጣ። ባምላኩ ስድብ ጠበቀ። ወንዳወቅ ግን ከኪሱ ፍላሽ አወጣ።

«ስንቱን ሰርግ ቀርጬ እኔን ማንም ቀርጾኝ አያውቅም» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ኮፒ ስጠኝ፤ እናቴ ትየው።»

ባምላኩ የወንዳወቅ ፊት ላይ ሹፈት ፈለገ፤ አጣ። ያ ከሳቁ ሁሉ ይልቅ አመመው። ፍላሹን ሰካና አንገቱን ደፋ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፕ እንዲዘገይለት ለመነ፤ ቀና ብሎ ሰው ማየት እስኪችል ድረስ ብቻ። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ግን ቪዲዮው ፍላሹ ላይ ተገልብጦ አለቀ።