ከሎሚ ዛፍ የወረደው ትል

መምህርት ገላኔ ከሎሚ ዛፍ ላይ አንድ አባጨጓሬ አውርዳ ካርቶን ውስጥ አስገባችና በአጎበር ቁራጭ ሸፈነችው። ምን እንደሚሆን ግን ለተማሪዎቿ አልነገረቻቸውም። በዓይናቸው አይተው እንዲደርሱበት ፈልጋ ነው።

«ቢራቢሮ ይሆናል» አለ ሻዕባን።

«ትል ትል ነው! ክንፉን ከባምባሲ ገበያ ሊገዛ ነው?» አለች ኢኽላስ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ገላኔ አልተቆጣችም፤ ይህችን ተከራካሪ ልጅ ነበር ማሳመን የምትፈልገው። አባጨጓሬው በልቶ በልቶ ወፈረ፤ ከዚያም ቆዳውን ጥሎ እንደ ደረቀ ቅጠል ተንጠለጠለ። ኢኽላስ ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ እየመጣች ካርቶኑ ላይ ታቀረቅር ጀመር።

በዚህ መካከል «ተማሪ ራሱ መርምሮ የሚማርበትን ክፍል» ሊጎበኙ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ክፍሉ ይጽዳ ብሎ አዘዘ። ጥበቃውም በእንግዶቹ ፊት በረሮ እንዳይታይ ብሎ ከወባ ርጭት የተረፈውን መድኃኒት ግድግዳውም ካርቶኑም ላይ ሳይለይ ረጨው።

በማግስቱ የተንጠለጠለው ነገር ጠቁሮ፣ ተጨማዶ ተገኘ።

«ገደላችሁት እኮ!» አለች ገላኔ።

«ለትል ነው እንዲህ የምትሆኚው? ትል ቢራቢሮ ሲሆን የሚያሳይ ሥዕል አለልሽ» አለ ዳይሬክተሩ፤ ሥዕሉን ሰቅሎም ልጆቹን መልሱን አስጠናቸው።

እንግዶቹ ገብተው «አባጨጓሬ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ቢራቢሮ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። የኢኽላስ ጩኸት ከሁሉም በለጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ሲወጡ ገላኔ ወደ ኢኽላስ ጎንበስ ብላ «አመንሽ እንዴ?» አለቻት።

«አላመንኩም፣ ቲቸር። ዳይሬክተሩ በሉ ስላለን ነው።»